ሥራ ተፈጠረ ይባላል፤ ስንት ወር ቆየ?

ሰኔ ሲመጣ የዓመቱ ሪፖርት ይመጣል። በየወረዳው፣ በየዞኑ «ለዚህን ያህል ወጣት የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ይባላል። ቁጥሩ ቋሚና ጊዜያዊ ተብሎ ይከፈላል፤ ሴትና ወንድ ተብሎም ይለያል። ከዚያ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይጸድቃል። በመሃል ግን አንድ ጥያቄ ይዘለላል። አምና ሥራ አገኙ የተባሉት ልጆች ዘንድሮ የት ናቸው?

የወረዳ ባለሙያዎችን መውቀሴ አይደለም። ብዙዎቹ በጠባብ በጀት የሚለፉ ሰዎች ናቸው። መለኪያው ራሱ የጎጃምን ችግር ስለማያሳይ ነው ጥያቄውን የማነሳው። ጎጃም ውስጥ ሰው ይሠራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከብት ይጠብቃል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። ያጣው የሚቆይ ሥራ ነው። ሦስት ወር ሠርቶ ዘጠኝ ወር የሚጠብቅ ልጅ ሥራ አለው እንበል ወይስ የለውም?

በዓለም አቀፉ መለኪያ ከሄድን አለው። በዚያ መለኪያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ቤተሰቡን በእርሻ የሚያግዝ፣ ደመወዝ የማያውቅ ልጅም ብዙ ጊዜ ከሠራተኛ ይመደባል። በ2013 ዓ.ም በአገር ደረጃ የተደረገው የሠራተኛ ኃይልና የፍልሰት ጥናት ሥራ አጥነትን 8 በመቶ ብሎታል። በከተማ 18.7 በመቶ ነበር። የገጠሩ ከከተማው በብዙ ያነሰ ነው። ይህን ያየ ሰው «ገጠሩ ደህና ነው» ሊል ይችላል። ግን የደብረ ኤልያስን ወይም የጎንቻን ወጣት ጥር ላይ ሄዶ ይጠይቀው። እህሉ ገብቷል፤ እስከ ግንቦት ድረስ የሚያዝ ነገር የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማስተካከያ አቆጣጠሩ ላይ ቢሆን እላለሁ። ሥራ በተፈጠረበት ቀን ብቻ ሳይሆን በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ይቆጠር። ገቢው ስንት እንደሆነ ይጠየቅ። ይህ ከባድ ነገር አይደለም። ወጣቱ ሲመዘገብ ስልኩን ይሰጣል፤ መደወል ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ። የጎጃም ወጣት የሥራ ጥያቄ ከመሬት ይጀምራል። በአማራ ክልል መሬት ለመጨረሻ ጊዜ የተከፋፈለው በ1989 ዓ.ም ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሊሞላው ነው። ብዙው ቤተሰብ ያለው መሬት ከአንድ ሄክታር ብዙም አይዘልም። አባት አራት ወንድ ልጅ ካለው ለማን ያካፍል? ድሮ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ጥማድ በሬና ቁራጭ ማሳ ተሰጥቶት ጎጆ ይወጣ ነበር። ዛሬ ብዙዎች ጎጆ የሚወጡት በወላጅ ጓሮ ነው፤ መሬት በእኩል ይዘው፣ ግማሹን ምርት ለባለ መሬቱ ሰጥተው። ሌሎቹ ጋብቻውን ራሱን ያዘገያሉ። ይህ የኢኮኖሚ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በሃያ ሰባት ዓመቱ ከአባቱ ኪስ የሻይ ብር የሚጠይቅ ወንድ ውስጡ ይጎዳል። አንገቱን ይደፋል፣ ከሰው ይሸሻል፣ አንዳንዱም ወደ መጠጥ ያዘነብላል። የሥራ ፖሊሲ የሚጽፉ ሰዎች ይህንን የሚያስገቡበት ሠንጠረዥ የላቸውም።

መሬት ያጣው ልጅ ቆላ ይወርዳል። ይህ በጎጃም ከድሮም ያለ ነው። ለአረም ሐምሌና ነሐሴ፣ ለአጨዳ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት፣ መንገዱ ወደ መተማ፣ ቋራ፣ ሁመራ ነው። ወደ መተከልም የሚሄድ አለ። ሰሊጥ የሚጠይቀው ጉልበት ከሌላው እህል ይለያል። ሲደርስ ቆባው ይደርቅና አፉን ይከፍታል፤ ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለሀብቱ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን ዋጋ ይወጣል። ልጁም ለዚያ ሰሞን ሲል ከሞጣ፣ ከአዴት፣ ከደንበጫ ተነስቶ ይጓዛል። ሰሞኑ ሲያልፍ ግን ዋጋው ይወርዳል፤ ዘግይቶ የደረሰ ልጅ የመመለሻ ትራንስፖርት እንኳ ሳይሞላለት ይቀራል። አስቀድሞ የደረሰውም ቢሆን ሥራው እስኪጀመር በዱቤ እየበላ ይቆያል። ዱቤው ከክፍያው ላይ ይነሳል። ክፍያውን የሚይዘው ሠራተኞቹን መልምሎ የሚያሠራው ካቦ ነው፤ ካቦውን ደግሞ ልጁ ብዙ ጊዜ ከስሙ በቀር አያውቀውም።

ጤናው የባሰ ነው። ቆላው ወባ አለው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ደጋ ያደገ ልጅ የማያውቀው ካላዛርን ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል በጣም ትንሽ ዝንብ ናት። በጥቁር አፈር ስንጥቅ ውስጥና በግራር ዛፍ ሥር ትኖራለች። የቀን ሠራተኛው የሚተኛው የት ነው? በትክክል እዚያ፣ ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር። በሽታው ወዲያው አይታወቅም። ልጁ አገሩ ከገባ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። የደጋ ጤና ጣቢያ ወባ ወይም ታይፎይድ ብሎ ሊያክመው ይችላል። ትክክለኛው ሕክምና በተለመደው አሰጣጥ 17 ቀን በየቀኑ መርፌ ነው፤ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ካልታከመ ይገድላል። በሦስት ሳምንት አጨዳ የተገኘ ብር በዚህ በሽታ ሲያልቅ የቤተሰቡ በሬ ይከተላል።

እዚህ ላይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ማንሳት ግድ ነው። በ2003 ዓ.ም በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። ለገበሬው ትልቅ እፎይታ የሆነ ሥርዓት ነው፤ መዋጮውን ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ ይታከማል። ግን የተሠራው በቦታው ለሚቀመጥ ቤተሰብ ነው። ካርዱ የሚሠራው ወረዳው ውል ከገባባቸው ጤና ተቋማት ጋር፣ በሪፈር ቅደም ተከተል ነው። ልጁ ግን ቤተሰቡ ባለ ካርድ ሆኖ ሳለ መተማ ላይ ሲታመም ከኪሱ ይከፍላል። ብዙ አደጋ ባለበት ወቅትና ቦታ መድኑ አብሮት የለም ማለት ነው።

«ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ ለሚጠይቅ፣ ሕጉ በወረቀት ደረጃ መጥፎ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወቅት ሥራን ያውቀዋል፤ ለተወሰነ ጊዜ ከሚደረጉ ውሎች ውስጥ አስገብቶታል። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ወረቀቱ አለመኖሩም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ልጆች የማያውቁት ነው፤ «ውል ስላልፈረምኩ ምንም ማለት አልችልም» ብለው ክፍያቸውን ትተው ይመለሳሉ።

ችግሩ 15 ቀንና የሦስት ሳምንት ሥራ አለመግጠማቸው ነው። ወረቀቱ ሊጻፍ ሲል ሥራው ያልቃል። ሠራተኛው ሊከስ ቢያስብ ፍርድ ቤቱ ያለው ቆላ፣ እሱ ያለው ደጋ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ የሚያዘወትሩትም በር ያለውን፣ ታፔላ የሰቀለውን ድርጅት ነው። ሜዳ ላይ የሚሠራውን የሚያየው የለም።

ሌላው የሚያናድደኝ የዝቅተኛ ደመወዝ ጉዳይ ነው። ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ዓመታት አለፉ፤ ለግል ዘርፍ ሠራተኛ የታወጀ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን የለም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየዓመቱ ይጠይቃል። መልሱ «ኢንቨስትመንት ይሸሻል» የሚል ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የዘይቱም የማዳበሪያውም የትራንስፖርቱም ዋጋ ወጣ። ለመንግሥት ሠራተኛ ጭማሪ ተደረገ፤ ይገባዋልም። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ደግሞ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ይህም ጥሩ ነው። የፋብሪካ ጥበቃው፣ የሆቴል አስተናጋጇ፣ የግንባታ ቀን ሠራተኛው ግን ደመወዛቸውን የሚጠብቅ ወለል የላቸውም። ዝቅተኛ ደመወዝ ያልተመዘገበውን ሥራ ሁሉ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ቢሆንም ለድርድር መነሻ ይሆናል። የቀን ሠራተኛ እንኳ «መንግሥት ያወጣው ይሄ ነው» ብሎ የሚናገርበት ቁጥር ያገኛል።

ፋብሪካዎቹስ? የካቲት 2013 ዓ.ም ላይ የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የነበረው ተስፋ ትልቅ ነበር። በዚያው ሰሞን ቡሬ ላይ ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ተከፈተ፤ ደብረ ማርቆስም የዘይት ፋብሪካ ባለቤት ሆነች። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ገበሬው ያመርታል፣ ፋብሪካው ይገዛል፣ ልጁ አገሩ ላይ ይሠራል። ግን ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች በብዛት የሚሠሩት ከውጭ በሚገባ የፓልም ድፍድፍ ነው። ዶላር ሲጠፋ ሥራው ይቀዘቅዛል። ኑግ በሚዘራበት አገር መሃል የቆመ ፋብሪካ በውጭ ምንዛሪ ምክንያት መንገዳገዱ ሊያስቆጨን ይገባል። የኑግ ምርት በሄክታር እንዲጨምር፣ ገበሬው ከፋብሪካው ጋር በውል እንዲሠራ ሳይደረግ የተተከለ ማሽን የሰጠው ሥራ ከታሰበው በታች ነው የሚሆነው። ባሕር ዳር ላይ ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሌላ ንፋስ አግኝቶታል። ከጥር 2022 እንደ አውሮፓውያን ጀምሮ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው የአጎዋ ዕድል ታገደች። ልብስ ሰፍቶ ለአሜሪካ መላክን ያሰቡ ድርጅቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ተጎዱ፤ የተቀነሱት ደግሞ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የጎጃም ኑሮ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያለው አስፋልት የጎጃም የሥራ መስመር ነው። ሉማሜ፣ አምበር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደንበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መርዓዊ የተሰለፉት በእሱ ላይ ነው። መንገዱ ሲዘጋ የተሳቢው ሹፌር ብቻ አይደለም የሚቆመው። ረዳቱ ይቆማል፣ ጫኝና አውራጁ ይቆማል፣ ባለ ምግብ ቤቷ ታበስላለች፤ በሊታ የለም። ጎሚስታው ይዘጋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በስልኩ ማስታወቂያ የሚያይ ሥራ ፈላጊ ይታወራል። እነዚህ ሰዎች ሥራ ያጡት ሰነፍ ስለሆኑ ወይም ክህሎት ስላጡ አይደለም። «የሥራ ፈጠራ ሥልጠና» ለእነሱ መልስ አይሆንም። ደንበኛውን ያመጣላቸው የነበረ መንገድ ነው የተዘጋባቸው። በዚያ ላይ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጪ ሆነዋል። ሥራ ፈላጊነታቸው የሚመጣው ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ብዙዎቹ ስምንተኛ ክፍልን እንኳ ሳይጨርሱ።

የተማረውም አልተረፈም። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ፣ ባሕር ዳር ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ወላጅ በግ ሸጦ፣ በሬ ሸጦ ልጁን አስተምሯል። ተመራቂው ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለበት፤ አልፎ ሲወጣ ማስታወቂያው ላይ «የሁለት ዓመት ልምድ» ተብሎ ይጠብቀዋል። ልምድ ለማግኘት ሥራ ይፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ልምድ ይጠየቃል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ ለአንድ ቦታ የሚሰለፈው ብዛት ያስፈራል። በወጪ መጋራት የገባበት ዕዳም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፉት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት የት ይሂዱ የሚለውን በቂ ሰው አይጠይቅም። ቴክኒክና ሙያ ይገቡ ይባላል። ጥሩ፤ ግን ኮሌጁ የሚያሠለጥንበት ማሽንና ከተማው ውስጥ ያለው ጋራዥ የሚጠቀምበት ካልተገናኙ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ ልጅ ጋራዥ ገብቶ እንደገና ቁልፍ ከማቀበል ይጀምራል።

ሴቶቹን በአንድ አንቀጽ ማለፍ ከብዶኛል፤ ሙሉ ጽሑፍ የሚገባው ነው። የከተማ ሥራ አጥነት በሴቶች ላይ ከወንዶች በብዙ ይበልጣል። ከገጠር ጎጃም የምትወጣ ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋ ብዙ ጊዜ ሰው ቤት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ አውጥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ ተዋት። ስለዚህ የእረፍት ቀኗ፣ ደመወዟ፣ መታመሟ ሁሉ በአሠሪዋ ደግነት ላይ ቆመ። ዓረብ አገር ልትሄድ ስታስብ ደላላው ከቤተሰቧ ብር ይቀበላል። ሕጉ ዋና ዋናዎቹን ወጪዎች፣ ቪዛና ትኬትን ጭምር፣ በአሠሪው ላይ መጣሉን የነገራት የለም።

ጎጃም ውስጥ የቆየ ሥራ ታይቶ አያውቅም እንዳይባል ሁለት ነገር ላንሳ። አንዱ አዊ ውስጥ ነው፤ በፋግታ ለኮማ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ። ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ መትከል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት በመሃሉ ጤፍ ይዘራበታል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ለከሰል ይቆረጣል። ማንም በሪፖርት «ሥራ እፈጥራለሁ» ብሎ ያቀደው አልነበረም። ግን ችግኝ የሚያፈላ፣ የሚተክል፣ የሚቆርጥ፣ የሚያከስል፣ ጆንያ የሚሞላ፣ የሚጭን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አገኘ። መሬት የሌለው ልጅ ችግኝ አፍልቶ ሸጠ። በአሲዳማነት የተጎዳ አፈርም በዛፉ ምክንያት እንዳገገመ ይነገራል። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የዋግ በሽታ ዛፉን መታው፤ ጉዳቱ ከባድ ነው። ሥራ አንድ ዛፍ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል እንዲህ ይሆናል። ያም ሆኖ ለፖሊሲ ሰዎች ትልቅ ትምህርት አለው፤ ሥራው የቆየው ሰንሰለቱ ከችግኝ እስከ አዲስ አበባ ገበያ ስለተያያዘ ነው።

ሁለተኛው ቆጋ ነው። መርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ የታቀደው ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ነው። እዚያ ጥር የሥራ ፈት ወር አይደለም። ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን አለ፤ ቆፋሪ፣ አጠጪ፣ ለቃሚ፣ ጫኝ ይፈለጋል። ሥራው በጣም ዘመናዊ አይደለም፤ ክፍያውም ሀብታም አያደርግም። የአምስት ወር ሥራ የአሥር ወር ሲሆን ግን ልጁ መተማ ወርዶ ግራር ሥር ከመተኛት ይድናል። ለእኔ ከአንድ ትልቅ ፋብሪካ ምረቃ ይልቅ በየወረዳው አነስተኛ መስኖ መስፋፋቱ ለጎጃም የበለጠ የሥራ ፖሊሲ ነው።

ስለ ብድርም ልናገር። በ2009 ዓ.ም 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅ ክልላችን ላይ ብሩ የደረሰው በዋናነት በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ነው፤ ተቋሙ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ወጣቶች በማኅበር ተደራጁ ተባሉ። ብዙዎቹ ጓደኛም ዘመድም ሳይሆኑ ቅጹን ለመሙላት ብቻ ተሰባሰቡ። አንዱ ሲለቅ ዕዳው በሌሎቹ ላይ ቀረ። የሚደልብ ከብት ገዝተው ገበያ ሳይደርስ መኖ ጨረሱ። ወንፈልና ደቦ የሚያውቅ ሕዝብ በጋራ መሥራት አያቅተውም። ወንፈል የሚሠራው ግን ሰው የሚያውቀውን ጎረቤቱን ስለሚመርጥና ተራው በቶሎ ስለሚደርስ ነው። ለአንድ ዲዛይን የሚያውቅ ብረት በያጅ፣ ለአንዲት ፀጉር ሠሪ፣ ለብቻቸው በመሣሪያ መልክ የሚሰጥ ብድር ከአሥር ሰው ማኅበር የተሻለ ዕድል አለው ብዬ አምናለሁ።

ሰላም ሳይመጣ አብዛኛው ነገር አይስተካከልም። ባለሀብት በተዘጋ መንገድ ላይ ገንዘቡን አያወጣም፤ ይህን ማንም አይክደውም። ሰላም እስኪመጣ ሊጠብቁ የማይገባቸው ሥራዎች ግን አሉ። የጎጃም ወረዳዎች ለቆላ ሥራ የሚወጡ ልጆችን መመዝገብ ይችላሉ። ከመተማና ከቋራ ወረዳዎች ጋር ተነጋግረው የጤና መድን ካርዱ እዚያ እንዲሠራ ማድረግ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ አጎበርና ስለ ካላዛር አንድ ገጽ ማስረዳት ብዙ ወጪ አይደለም። የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቱም አንድ አጭር የውል ቅጽ አዘጋጅቶ ካቦው ገና ሲመለምል፣ መናኸሪያው ላይ፣ ማስፈረም ይችላል፤ ስሙ፣ ስልኩ፣ የቀን ክፍያው፣ መመለሻ ትራንስፖርት የሚችለው ማን እንደሆነ። ጤና ጣቢያዎቹ ደግሞ ከኅዳር በኋላ ትኩሳት ያለበትን ልጅ «ቆላ ነበርክ?» ብለው እንዲጠይቁ ማስታወስ በቂ ነው። አጨዳው የሚጀምረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ወረዳዎቹ ይህን ለመጨረስ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ጊዜ አላቸው።